ዶውን ሬድዉድን ግቢ ውስጥ መትከልና መንከባከብ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቤት ገዝቶ ሰፋ ያለ ጓሮ ያገኘ ሰው ቶሎ የሚያድግ ዛፍ ይፈልጋል። እዚህ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያለን ሐበሾች ደግሞ ጥድ የሚመስል ነገር ስናይ ልባችን ይሳባል። ስለ ዶውን ሬድዉድ የሚጠይቀኝ ሰው የበዛው ለዚህ ይመስለኛል። ዛፉን በጣም እወደዋለሁ፤ ግን ለሁሉም ግቢ አይሆንም። አብዛኛው ችግር የሚመጣው ከበሽታ ሳይሆን ከቦታ ምርጫና ከውሃ ነው። ስለዚህ እነሱ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፤ ሌላውን ቶሎ ቶሎ አልፈዋለሁ።

ለመሆኑ ምን ዓይነት ዛፍ ነው?

ሳይንሳዊ ስሙ ሜታሴኮያ ግሊፕቶስትሮቦይደስ ነው። ችግኝ መሸጫ ስትሄዱ ግን ዶውን ሬድዉድ ብላችሁ ጠይቁ፣ ያውቁታል። የካሊፎርኒያዎቹ ግዙፍ ዛፎች፣ የኮስት ሬድዉድና የጃይንት ሴኮያ የቅርብ ዘመድ ነው። የሐበሻ ጥድም ራቅ ባለ ዝምድና እዚያው ቤተሰብ ውስጥ ይገባል። ከዘመዶቹ የሚለየው ዋናው ነገር በየዓመቱ ቅጠሉን ሙሉ በሙሉ ማራገፉ ነው። ስፕሪንግ ላይ ብሩህ አረንጓዴ ሆኖ ይወጣል፣ ሰመሩን በሙሉ ለስላሳ ላባ የመሰለ ቅጠል ይዞ ይቆያል፣ ፎል ላይ የመዳብ ቀለም ይይዝና ይረግፋል። ቅጠሉን በእጃችሁ ስትዳብሱት አይወጋም። ልጆች ለሚጫወቱበት ግቢ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም።

ጠፍቷል ተብሎ ከነሕይወቱ ተገኘ የሚባለው እውነት ነው?

አዎ፣ እውነት ነው። ሺገሩ ሚኪ የሚባሉ ጃፓናዊ የዕፅዋት ቅሪት ተመራማሪ በ1941 እ.ኤ.አ. ሜታሴኮያ ብለው ስም ያወጡለት ድንጋይ ውስጥ ካገኙት አሻራ ተነሥተው ነው። ያኔ ዛፉ ከሚሊዮን ዓመታት በፊት የጠፋ ነበር የሚመስለው። በዚያው ዓመት ቻይና ውስጥ ጋን ዱዎ የሚባሉ የደን ባለሙያ በሁቤይ ግዛት ሞዳዎ በምትባል መንደር በኩል ሲያልፉ አንድ ግዙፍ ዛፍ አዩ። ከሥሩ የመንደሩ ሰዎች የሚጸልዩባት ትንሽ ቤተ መቅደስ ነበረች። ወቅቱ ዊንተር ስለነበር ዛፉ ቅጠል አልነበረውም። ናሙና ሳይወስዱ አለፉ።

በቀጣዮቹ ዓመታት ሌሎች ባለሙያዎች ቅርንጫፍና ፍሬ ሰብስበው ወሰዱ። ነገሩ ተጣርቶ በ1948 ሁ ሽየንሱ እና ዠንግ ዋንጁን የተባሉት ሁለት የቻይና የዕፅዋት ሊቃውንት ዛፉ ያ ጠፋ የተባለው መሆኑን በይፋ አሳተሙ። ቦስተን የሚገኘው የአርኖልድ አርቦሬተም፣ ማለትም ዛፎች ተሰብስበው የሚጠበቁበትና የሚጠኑበት ማዕከል፣ ዘር እንዲሰበሰብ ገንዘብ ልኮ ነበርና ዘሩ በ1948 መጀመሪያ ላይ ደረሰ። ከዚያም ለብዙ አገሮች የዕፅዋት ማዕከላት ተከፋፈለ። ዛሬ አሜሪካና አውሮፓ ውስጥ የምታዩአቸው ትልልቆቹ ዛፎች ብዙዎቹ የዚያ ዘር ልጆች ናቸው። እንግዲህ እዚህ የቆመው ትልቁ ዶውን ሬድዉድ እንኳ ገና የአንድ ሰው ዕድሜ ነው ያለው። ቻይና ውስጥ በዱር የቀሩት ግን ጥቂት ሺህ ብቻ ናቸው፤ ዝርያው በዓለም አቀፉ መዝገብ ለመጥፋት የተጋለጠ ተብሎ ነው የተያዘው።

ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ከሆናችሁ ናሽናል አርቦሬተም ሄዳችሁ እዩት። ከመትከላችሁ በፊት ሂዱ ብዬ ነው የምመክረው። ፎቶ ላይ ማየትና ግንዱ ሥር ቆሞ ወደ ላይ ማንጋጠጥ ለየቅል ነው።

ምን ያህል ያድጋል? ቶሎ ያድጋል የሚሉትስ?

ቶሎ ያድጋል። ፀሐይና ውሃ ካገኘ በልጅነቱ በዓመት 60 ሳንቲሜትር፣ ጥሩ ቦታ ላይ ደግሞ ሜትር ድረስ ሽቅብ ይሄዳል። ዛሬ ደረታችሁ ላይ የሚደርስ ችግኝ ብትተክሉ ከአሥር ዓመት በኋላ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ጣሪያን ሊያልፍ ይችላል። እዚህ አገር የተተከሉት የቆዩ ዛፎች ከ30 ሜትር አልፈዋል። ስፋቱ ግን እንደ ቁመቱ አይደለም። ቀጥ ብሎ፣ ከታች ሰፋ ከላይ ሾጠጥ ብሎ ነው የሚያድገው፤ ሲጎለምስ ከ6 እስከ 8 ሜትር ያህል ይሰፋል።

ሰዎች የሚዘነጉት ግንዱን ነው። የግንዱ ሥር እያደር ይሰፋል፣ ይሸነሸናል፣ እንደ ቀሚስ ዘርፍ ተዘርግቶ መሬቱን ይይዛል። እያንዳንዱ ትልቅ ቅርንጫፍ ከግንዱ የሚወጣበት ቦታ ደግሞ ከሥሩ ጎድጎድ ያለ ብብት አለው። ቅርፊቱ ቀይ ቡናማ ነው፤ በቁመቱ እየተላጠ ይሄዳል። ከሌሎች ዛፎች ይህን ያህል የማስበልጠው አንዱ ምክንያት ይሄ ግንድ ነው፤ ቅጠሉ ረግፎም ያምራል።

ከቤቱ ስንት ሜትር ላርቀው?

ከሁሉም ጥያቄ በላይ ይሄን አስቡበት። ችግኙ የሚያክለው ቁና አይሞላም፣ ስለዚህ ሰው መስኮቱ ሥር ይተክለዋል። ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ የዛፍ ቆራጭ ድርጅት ጠርቶ ብዙ ብር ይከፍላል። ያ ዛፍ ምንም አላጠፋም፤ የተተከለበት ቦታ ነው ያልሆነለት።

የኔ ልክ ይሄ ነው፦ ከቤት ግድግዳ ቢያንስ 8 ሜትር፤ ግቢው ከፈቀደ 10 ሜትር። ከድራይቭዌይና ከእግረኛ መንገድ ከ4 እስከ 5 ሜትር፣ ምክንያቱም ሥሩ ወደ ጎን በሰፊው የሚሄደው ለመሬቱ ፊት ቅርብ ሆኖ ነው፤ ሲወፍር አስፋልትና ሲሚንቶ ሊያነሣ ይችላል። ሴፕቲክ ታንክ ያላችሁ ሰዎች ደግሞ ከታንኩም ከማስረጊያ መስመሩም በደንብ አርቁት። እርጥበት ፈላጊ ዛፍ ነው፣ ውሃ ያለበትን ያውቃል።

ወደ ላይም ቀና በሉ። የኤሌክትሪክ ሽቦ ካለ እዚያ ቦታ አይተከልም፣ በቃ። ጫፉን እየቆረጥኩ ዝቅ አድርጌ እይዘዋለሁ የሚል ሰው አጋጥሞኛል። ቅርጹን ታበላሹታላችሁ፣ እሱም ተመልሶ ማደጉን አይተውም።

የጎረቤት አጥርም አለ። ድንበሩ ላይ የተተከለ ዛፍ ግማሹ የጎረቤት ነው፤ ቅጠሉም ጥላውም እዚያ ይወድቃል። ገባ አድርጋችሁ ትከሉት። ኤችኦኤ፣ ማለትም የቤት ባለቤቶች ማኅበር፣ ያለበት ሰፈር የምትኖሩ ከሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ከመቆፈራችሁ በፊት 811 ደውሉ፤ ከመሬት ሥር ያለውን የጋዝና የመብራት መስመር መጥተው ምልክት ያደርጉላችኋል፣ አያስከፍሉም።

ግቢዬ ትንሽ ነው። ምንም መላ የለውም?

ታውንሃውስ ከሆነ ትልቁን ዓይነት ተዉት። ሚስ ግሬስ የምትባል ቅርንጫፏ ወደ ታች የሚንጠለጠል ትንሽ ዓይነት አለች። በአሥር ዓመት ውስጥ ሦስት ሜትር አካባቢ ነው የምትደርሰው፤ ለትንሽ ግቢ ትሆናለች። ጎልድ ረሽ ወይም ኦጎን የሚባለው ደግሞ ቅጠሉ ሰመሩን ሙሉ ወርቃማ ቢጫ ነው። በጣም ያምራል፤ ግን ትንሽ ዛፍ አይምሰላችሁ። ቢዘገይም ትልቅ ይሆናል፣ ለእሱም እንደ ትልቁ ቦታ ልቀቁለት።

እኔ ያለሁበት ከተማ ይበቅላል?

የአሜሪካ የብርድ ዞን በሚባለው ካርታ ከዞን 5 እስከ 8 ይመቸዋል። ዲሲና አካባቢው፣ ፊላደልፊያ፣ ኒውዮርክ፣ ቦስተን፣ ኮለምበስ ኦሃዮ፣ አትላንታ፣ ሲያትል፣ እነዚህ ሁሉ ጥሩ ናቸው። ሲያትል ሰመሩ ደረቅ ስለሆነ ያኔ ውሃ ስጡት። ሚኒሶታ ያላችሁ ድንበሩ ላይ ናችሁ፤ ከነፋስ የተከለለ ቦታ ይፈልጋል። ዴንቨርና ዳላስ ላይ አፈሩም ድርቀቱም ስለሚከብደው እኔ አልተክልም። ላስ ቬጋስ ጭራሽ አይታሰብም።

አውሮፓ ያላችሁ፣ እንግሊዝም ጀርመንም ሆላንድም በየመናፈሻው ታገኙታላችሁ፣ በደንብ ያድጋል። እስራኤልና የባሕረ ሰላጤ አገሮች ያላችሁ ወገኖቼ ግን ለዚህ ዛፍ ገንዘባችሁን አታውጡ። ሙቀቱና ድርቀቱ አይሆነውም፤ ዕድሜ ልኩን በጎማ ውሃ የሚኖር ዛፍ መትከል ደግሞ ልክ አይመስለኝም።

ኢትዮጵያ ላሉ ቤተሰቦቼ ዘሩን ልላክላቸው?

ይቅር። አንደኛ፣ ዘር በሻንጣ ድንበር ማሻገር ሕግ አለው፤ ተባይና በሽታም አብሮ ይሄዳል። ሁለተኛ፣ ይሄ ዛፍ ብርድ ሲመጣ ተኝቶ ሙቀት ሲመጣ የሚነቃ፣ አራት ወቅት የለመደ ዛፍ ነው። ደጋ ላይ ሰፊ ግቢ ላለው ሰው የሐበሻ ጥድና ዝግባ እያለ ሌላ ምን ያስፈልጋል? መናገሻ ሱባ ደን የሄደ ሰው እነዚህ ሁለቱ ሲያረጁ ምን እንደሚመስሉ አይቷል። በየደብሩ ዙሪያ የቀሩትም እነሱ ናቸው። ገንዘቡን የአገር በቀል ችግኝ ይግዙበት፣ ከችግኝ ጣቢያ በቀላሉ ይገኛል።

ምን ዓይነት አፈር ይፈልጋል?

እርጥበት የሚይዝ፣ ለም፣ ትንሽ አሲድነት ያለው አፈር ቢያገኝ ደስ ይለዋል። ሜሪላንድና ሰሜን ቨርጂኒያ ላይ የሚያስቸግረን ቀይ ሸክላ አፈር ብዙም አያስፈራውም። ዝናብ ሲዘንብ ውሃ የሚተኛበት የጓሮ ጥግ አለ አይደል፣ ሌላ ዛፍ የሚታመምበት? እዚያ ሊመቸው ይችላል። ሲፈጠርም የወንዝ ዳርና የሸለቆ ዛፍ ነው። የማይወደው ድርቅ ያለና ኖራ የበዛበት አፈር ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል፤ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ይቀራል። የአፈራችሁን ሁኔታ ካላወቃችሁ በየግዛቱ ያለው የዩኒቨርሲቲ የግብርና ኤክስቴንሽን አገልግሎት ማስመርመር የሚቻልበትን ይነግራችኋል፤ ዋጋውም ብዙ አይደለም።

ፀሐይ ግን ያለ ድርድር ነው። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ስጡት። ጥላ ውስጥ ሲያድግ ቅርንጫፉ ይሳሳል፣ ቅርጹም ይጣመማል።

መቼ ልትከለው? እንዴት?

ሁለት ጥሩ ጊዜ አለ። አንዱ ፎል ነው፣ ሙቀቱ በርዶ መሬቱ ገና ሳይቀዘቅዝ። ሌላው የስፕሪንግ መጀመሪያ ነው፣ ቀንበጡ ሳይወጣ። ሰመር ላይ መትከልም ይቻላል፤ ግን በየሁለት ቀኑ ውሃ ይዛችሁ መቆም ይጠበቅባችኋል።

ችግኝ ስትመርጡ ትልቁን አትፈልጉ። ከሰው ቁመት ያነሰ ጤነኛ ችግኝ ቶሎ ሥር ይይዛል፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ትልቅ ተገዝቶ የተተከለውን ይደርስበታል፣ አንዳንዴም ያልፈዋል። አንድ ቀጥ ያለ ግንድ ያለውን ምረጡ። ጫፉ ለሁለት የተሰነጠቀ ከሆነ ተዉት።

ጉድጓዱ ሰፊ እንጂ ጥልቅ አይሁን። ስፋቱ ሥሩ ከያዘው አፈር ሁለት ሦስት እጥፍ፣ ጥልቀቱ ከዚያው አፈር ቁመት እኩል። ከፕላስቲኩ ስታወጡት ሥሩን በደንብ እዩት። ብዙ ጊዜ ዙሪያውን እየዞረ ተጠምጥሞ ታገኙታላችሁ። የተጠመጠመውን በስለታም ቢላዋ ቁረጡ ወይም በእጃችሁ ፈታታችሁ ወደ ውጭ ዘርጉ። እጃችሁ አይሳሳ። እንደተጠመጠመ ከተተከለ ዛፉ እያደገ ሲሄድ ያ ሥር ራሱ ግንዱን ያንቀዋል፣ ችግሩም የሚታየው ከዓመታት በኋላ ነው።

ግንዱ ወደ ሥር መስፋት የሚጀምርበት ቦታ ከመሬቱ እኩል ወይም በጣት ከፍ ይበል። ብዙ ሰው ለጥንካሬ ብሎ ጠልቆ ይቀብረዋል። ሥር አየር ይፈልጋል፣ ስለዚህ አትቅበሩት። ከዚያ ያወጣችሁትን አፈር ራሱን መልሱበት። ጉድጓዱን በኮምፖስት መሙላት አያስፈልግም፤ ሥሩ ከምቾቱ አልወጣ ብሎ እዚያው ይዞራል። ኮምፖስት ካላችሁ ላዩ ላይ በትኑት። ውሃ አጠጡት፣ አፈሩ ሲሰምጥ ጨምሩ፣ ደግማችሁ አጠጡ።

በመጨረሻ ዙሪያውን መልች፣ ማለትም የእንጨት ፍቅፋቂ፣ ከ5 እስከ 8 ሳንቲሜትር ውፍረት አልብሱት። ግንዱን ግን አይንካ፤ አንድ መዳፍ ያህል ራቁቱን ይቆይ። በየሰፈሩ የምናየው ግንድ ላይ እንደ ኩይሳ የተከመረ መልች ቅርፊቱን ያበሰብሳል። ድጋፍ እንጨት ነፋስ የሚያይልበት ቦታ ካልሆነ አያስፈልገውም። ካሰራችሁለትም ከዓመት በኋላ ፍቱት።

ውሃ ምን ያህል?

ሲተከል ከሞተ ዘጠና ከመቶ ምክንያቱ ውሃ ነው ብል የተጋነነ አይመስለኝም። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ዓመታት የእናንተ ኃላፊነት ናቸው። ዝናብ በሌለበት ሳምንት ለአዲስ ችግኝ 40 ሊትር ያህል፣ ማለትም አሥር ጋሎን፣ በአንዴ ወይም ለሁለት ከፍላችሁ ቀስ ብሎ እንዲገባ ስጡት። ጎማውን በቀጭኑ ከፍታችሁ ሥሩ ላይ አስተኙት፣ ሌላ ሥራችሁን ሥሩ፣ ከዚያ ዝጉት። በየቀኑ ላዩን ብቻ ማርከፍከፍ ሥሩን ወደ ላይ ያስለምደዋል፤ በሚቀጥለው ድርቅ ይጎዳል። ሳሩን የሚያጠጣው ማሽን ይበቃዋል ብላችሁም አትተማመኑ።

መጠኑን በመገመት አትድከሙ። መልቹን ገለጥ አድርጋችሁ ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ ክተቱ። ሁለት የጣት አንጓ ድረስ ደረቅ ከሆነ አጠጡ። ቀዝቀዝ ካላችሁና አፈሩ ጣታችሁ ላይ ከቀረ ተዉት። ሥራ የሚበዛባችሁ ሰዎች ግንዱ ላይ ታስሮ ውሃ ቀስ እያለ የሚያንጠባጥብ ቦርሳ አለ፣ እሱን ግዙ።

ዛፉ ከጎለመሰ በኋላ ብዙም አያስቸግርም፤ ሰመር ላይ ሦስት ሳምንት ዝናብ ከጠፋ ግን አንድ ቀን በደንብ አጠጡት። የምዕራብ ፀሐይ የሚመታው ተዳፋት ላይ ከሆነ በተለይ።

ሰመር ላይ ቅጠሉ ቡናማ ሆነብኝ። ታሟል?

መጀመሪያ ውሃውን መርምሩ፤ አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው። በነሐሴ ሙቀት ቅጠሉ ከጫፉ እየደረቀ ከመጣ ተጠምቷል ማለት ነው። ውሃው በቂ ከሆነ ደግሞ ነጭ ወረቀት ቅርንጫፍ ሥር ይዛችሁ ቅርንጫፉን ነካ ነካ አድርጉት። ወረቀቱ ላይ የሚንቀሳቀሱ ነጠብጣቦች ካያችሁ ስፓይደር ማይት የሚባል በጣም ትንሽ ተባይ ነው። በኃይለኛ የጎማ ውሃ ቅጠሉን ከሥር ወደ ላይ እጠቡት፣ በየጥቂት ቀኑ ድገሙት። አንድ ቅርንጫፍ ብቻ ተነጥሎ ከደረቀና ቅርፊቱ ላይ የሰመጠ ቁስል ካለ ግን የፈንገስ ነገር ሊሆን ይችላል፤ ቅርንጫፉን ከጤነኛው ክፍል ጀምራችሁ ቁረጡና አስወግዱ።

ሚያዝያ ላይ አዲሱ ቅጠል በአንድ ሌሊት ጠቁሮ ከተገኘ ውርጭ መትቶታል። ይሄ ዛፍ ቶሎ ስለሚነቃ አንዳንዴ ይቀድማል። አትደንግጡ፣ ሌላ ያወጣል።

ዊንተር ላይ ሙሉ በሙሉ ረገፈ። ሞተ እንዴ? ልቁረጠው?

አትቁረጡት! ጥድ የሚመስል ዛፍ ሲረግፍ ያየ ሰው ሞተ ይላል፤ ቤት የገዛ ሰው ደግሞ የቀድሞው ባለቤት የተከለውን ሳያውቅ በመጀመሪያው ዊንተር ያስቆርጠዋል። በሕይወት መኖሩን ማረጋገጥ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ከቀጭን ቅርንጫፍ ላይ ቅርፊቱን በጥፍራችሁ ጫር አድርጉት። ከሥሩ አረንጓዴና እርጥብ ከሆነ ሕያው ነው። ቡናማና ደረቅ ከሆነ ሌላ ቅርንጫፍ ሞክሩ፣ ከዚያም ወደ ግንዱ ጠጋ እያላችሁ ሞክሩ። ቀረብ ብላችሁ ካያችሁ ደግሞ ትንንሽ ክብ እንቡጦች ታገኛላችሁ። ከተተከለ የመጀመሪያ ዓመቱ ከሆነ ቅጠል ሊያዘገይ ይችላልና እስከ ግንቦት መጨረሻ ድረስ ታገሡት።

የባሕር ማዶ ዘመድ ስትጋብዙ ዊንተር ላይ የቆመውን ግንድ አይተው ለምን አትጥሉትም ማለታቸው አይቀርም። ሰመር ላይ ጋብዟቸው።

ከቦልድ ሳይፕረስ በምን ልለየው?

ችግኝ መሸጫ ውስጥ እንኳ ይምታታሉ። ቦልድ ሳይፕረስ የአሜሪካ ደቡብ ረግረግ ዛፍ ነው፣ እሱም ቅጠሉን ያራግፋል። አንዲት ቀንበጥ ያዙና ትንንሾቹን ቅጠሎች እዩ። ዶውን ሬድዉድ ላይ ሁለት ሁለት ሆነው ፊት ለፊት ይቆማሉ። ቦልድ ሳይፕረስ ላይ አንዱ በቀኝ ሌላው ትንሽ ከፍ ብሎ በግራ፣ እየተፈራረቁ ነው የሚሄዱት። ቦልድ ሳይፕረስ ውሃ ውስጥ ሲያድግ ከሥሩ ጉልበት የሚመስል ነገር ያወጣል፤ ዶውን ሬድዉድ ይሄ የለውም፣ ስለዚህ የሳር ማጨጃችሁ ይተርፋል። ውሃ በቋሚነት ለሚተኛበት ቦታ ቦልድ ሳይፕረስ ይሻላል። ድርቀትንም የተሻለ ይችላል።

ተባይ፣ አጋዘንስ?

ከብዙ ዛፎች ጋር ሲነጻጸር ጤነኛ ነው። ሰመር ላይ የጃፓን ጥንዚዛ ቅጠሉን ሊበላው ይችላል። ችግኙ ትንሽ ከሆነ ማለዳ ላይ ጥንዚዛው ሳይሞቀው እየለቀማችሁ ሳሙና ያለው ውሃ ውስጥ ጣሉት። ትልቅ ዛፍ ከሆነ ተዉት፣ አይጎዳውም።

አጋዘን ቅጠሉን ብዙም አይወደውም። የሚጎዳው በሌላ መንገድ ነው። ፎል ላይ ወንዱ አጋዘን ቀንዱን ቀጭን ግንድ ላይ እያሻሸ ቅርፊቱን ይልጠዋል። ቅርፊቱ ዙሪያውን ከተላጠ ዛፉ አለቀለት። ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት ግንዱን በሽቦ ወንፊት ክበቡት፣ ሳይነካው ራቅ ተደርጎ። እንዲያውም ከአጋዘን ይልቅ የሚያስፈራኝ ባለ ገመዱ ሳር መቁረጫ ነው። ግንዱን እየገረፈ ስንት ችግኝ ገድሏል። መልቹ ሰፋ ያለ ከሆነ ሳር አይጠጋውም፣ ማሽኑም አይጠጋም።

ማዳበሪያ ያስፈልገዋል?

ለም አፈር ላይ ካለ አያስፈልገውም። የሳር ማዳበሪያ አጠገቡ ከተጠቀማችሁ ይደርሰዋል።

መግረዝ አለብኝ?

በጣም ጥቂት። በተፈጥሮው ቅርጹን ራሱ ይይዛል። የደረቀና የተሰበረ ቅርንጫፍ ካለ ዊንተር መጨረሻ ላይ ቁረጡ። ጫፉ ላይ ሁለት ዋና ግንድ ካወጣ ገና ቀጭን እያለ አንዱን አስወግዱ። የታችኞቹን ቅርንጫፎች ሳር ለማጨድ ይመቸኛል ብላችሁ አታንሡ፤ ከላይ እስከ መሬት የወረደ ቀሚሱ ነው የሚያምረው፣ ግንዱም ከሥሩ እንዲወፍር እነሱ ይረዱታል።

የሚረግፈው ቅጠል ግቢዬን አያበላሽም?

ቅጠሉ ቀጭንና ቀላል ነው፤ ከትንንሽ ቀንበጡ ጋር አብሮ ይወድቃል። ሳር ላይ የወደቀው ማጨጃው ሲያልፍበት ደቆ ይጠፋል፤ የአበባ መደብ ላይ የወደቀው ጥሩ መልች ነው። አሸንዳ ውስጥ ከገባ ግን ይደፍናል፤ ከቤቱ አርቁት ያልኩበት ሌላው ምክንያት ይሄ ነው።

ከጓደኛዬ ዛፍ ቆርጬ ማባዛት እችላለሁ?

ትችላላችሁ፣ በጣም ቀላል ከሚባሉት አንዱ ነው። ከዘር መጀመር ግን ትዕግሥት ይፈልጋል። ፍሬው ትንሽ፣ ክብ፣ የጣት ጫፍ የምታክል ናት፤ ውስጧ ያለው ዘር ብዙው ባዶ ይሆናል።

ቁርጥራጭ ይሻላል። ሰኔ መጨረሻና ሐምሌ ላይ የዘንድሮውን ለጋ ቀንበጥ ከ10 እስከ 15 ሳንቲሜትር ቁረጡ። የታችኛውን ግማሽ ቅጠል አንሡለት፣ ጫፉን ሥር ማስያዣ ዱቄት አስነኩት፣ ከችግኝ መሸጫ የሚገኝ፣ እርጥብ የሆነ የፐርላይትና (ነጭ ቀላል ጠጠር) የፒት (የበሰበሰ የረግረግ ዕፅዋት) ድብልቅ ውስጥ ሰኩት። ላዩን በስስ ላስቲክ ሸፍናችሁ ብሩህ ግን ቀጥታ ፀሐይ የማያገኘው ቦታ አስቀምጡት። ብዙ ጊዜ በሁለት ወር ውስጥ ሥር ያወጣል። ቀስ አድርጋችሁ ስትስቡት እንቢ ካለ ይዟል ማለት ነው። የመጀመሪያውን ዊንተር ብርድ ባለበት ግን በማይቀዘቅዝበት ቦታ፣ ለምሳሌ ጋራዥ ውስጥ፣ ያሳልፍ፤ ቅጠሉን ቢያራግፍም አፈሩ ጭራሽ እንዳይደርቅ በየሁለት ሳምንቱ እዩት። የወርቃማዎቹና የትንንሾቹ ዓይነቶች መልካቸው የሚጠበቀው በቁርጥራጭ ወይም ቀንበጡን ሌላ ችግኝ ላይ በማጣበቅ (ግራፍቲንግ) ነው እንጂ ከዘራቸው የሚወጣው ተራው አረንጓዴ ሊሆን ይችላል። ቁመቱ 60 ሳንቲሜትር አካባቢ ሲደርስ ወደ ቋሚ ቦታው ውሰዱት።